«ድነሻል?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ልብስ መደብር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። አባቴ ከጾም ከጸሎት የማይጎድል፣ ጠዋት ጠዋት ቅዱስ ጊዮርጊስን ሳይሳለም ሥራ የማይገባ ሰው ነበር። ካረፈ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመርሁ ከዓመት በላይ ሆነኝ። ቃሉን ስሰማ ልቤ ያርፋል። የጥምቀት ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐይቁ ዳር ትጠመቃላችሁ ተብለናል። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየጠሩ «ድነሻል? እርግጠኛ ነሽ?» ብለው ይጠይቁናል። የተቸገርሁት እዚህ ላይ ነው። ጌታን ለመቀበል እጄን ያነሣሁት አንዴ አይደለም፣ ሦስት አራት ጊዜ ነው። ሌሎቹ ሲያለቅሱ፣ በልሳን ሲጸልዩ እኔ ምንም አይሰማኝም። አዎ ብል መዋሸት፣ አይደለም ብል መካድ ይመስለኛል።

እናቴ ደግሞ የትምህርቱን ደብተር አገኘችብኝ። አልጮኸችም። «በ80 ቀንሽ ክርስትና አስነሥቼሻለሁ፤ ያ ምን ሊባል ነው?» ብላ አለቀሰች። ድኛለሁ ማለት ትዕቢት ነው ትላለች። «ከፈለግሽ እኔን ከቀበርሽ በኋላ ተጠመቂ» አለችኝ።

በዚህ ላይ ግንቦት ውስጥ የአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። እናቴ እንዳግዛት ትፈልጋለች። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ግን «በዚህ ሥራ እጅሽን አታስገቢ፤ አባትሽም ወንጌልን ሳይሰማ ነው የሄደው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አባቴ የት ነው? እኔስ ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ የእርግጠኝነት ጥያቄ፣ የጥምቀት ቀን፣ የእናትሽ እንባና የአባትሽ ነገር አንድ ላይ ተጠላልፈውብሻል። አንዱን ስትፈቺ ሌላው እየጠበቀ ነው የተቸገርሽው። አንድ በአንድ እንያቸው፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሚያስጨንቅሽ አለመዳንሽ ነው ወይስ ሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንደምትመልሺ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሁለተኛው መፍትሔ ቀላል ስለሆነ ወደ በኋላ አቆየዋለሁ።

ወንጌላውያን በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው፦ ሰውን የሚያድነው እግዚአብሔር በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ የሠራው ሥራ ነው፣ ሰው ደግሞ ያንን በእምነት ይቀበላል። ኤፌሶን 2፥8-9 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ብሎ ይጀምርና «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ይላል። መጽደቅ የሚሉትም ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ስለ ክርስቶስ ሲል ኃጢአተኛውን ጻድቅ ነህ ብሎ ይፈርድለታል። ፍርዱ የቆመው በክርስቶስ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ እጅሽን ባነሣሽበት ቀን የአንቺ ልብ መሞቁም ሆነ መቀዝቀዙ አይጨምርበትም አይቀንስበትም። ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚቀጥለው መቀደስ ነው፤ እርሱ ይወጣል ይወርዳል፣ አንዳንዴም ያሳፍራል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው የመቀደሱን መውጣትና መውረድ እያየ መጽደቁን ስለሚለካ ነው።

እጅ ማንሣቱን በተመለከተ ትንሽ ታሪክ ይጠቅምሻል። በስብከት መጨረሻ ሰዎችን ወደ ፊት መጥራት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አካባቢ፣ በአሜሪካዊው ሰባኪ በቻርልስ ፊኒ ዘመን ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች የነበሩት ማርቲን ሉተርም ሆነ ጆን ካልቪን በዚህ መንገድ ሰው ሲጠሩ አልኖሩም። ልማዱ ክፉ አይደለም፤ ለብዙ ሰው መነሻ ሆኗል። ችግር የሚሆነው ሲደጋገም ነው። እጅሽን እንደገና ባነሣሽ ቁጥር የቀደመው አልያዘም ብለሽ ለራስሽ እየነገርሽ ነው፤ ቀስ በቀስም ዓይንሽ ከክርስቶስ ላይ ተነሥቶ «በደንብ ወሰንሁ ወይ? ከልቤ ነበር ወይ?» በሚለው ላይ ይተከላል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የሚያሳርፍ መልስ አይገኝለትም። ስለዚህ አምስተኛ ጊዜ አታንሺ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ።

ልሳኑም እንደዚሁ አያስጨንቅሽ። በሥላሴ የሚያምኑ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ልሳንን የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ምልክት ያደርጉታል እንጂ የመዳን ማረጋገጫ አያደርጉትም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥30 ሁሉ በልሳኖች ይናገራሉን ብሎ ሲጠይቅ የሚጠብቀው መልስ «አይደለም» የሚል ነው። የማያለቅስ ሰው ደግሞ በተፈጥሮው የማያለቅስ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እምነት መኖሩ በምን ይታወቃል? የእነ ሉተር የተሐድሶ ዘመን መምህራን እምነትን በሦስት ከፍለው አስተማሩ፦ ማወቅ፣ ያወቁትን እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ በመጨረሻም በዚያ ላይ መታመን። ያዕቆብ 2፥19 አጋንንትም ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል ሲል ሁለቱ ብቻ እንደማይበቁ መናገሩ ነው። ሦስተኛውን ለማየት ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ በጸሎት ስትቆሚ እግዚአብሔር እንዲሰማሽ የምታቀርቢው ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ሳምንት ደኅና ሰው መሆንሽን ነው ወይስ ክርስቶስን? መልስሽ፣ እየፈራሽም ቢሆን፣ ክርስቶስ ከሆነ መታመን ማለት ያ ነው።

ከዚያ 1ኛ ዮሐንስን አንብቢ። አምስት ምዕራፍ፣ በጠቅላላው 105 ቁጥር ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ደብተርሽን በሦስት ክፈይው፤ አንደኛው ስለ ኢየሱስ ማንነት የሚለውን፣ ሁለተኛው ስለ መታዘዝ፣ ሦስተኛው ስለ ፍቅር። ዮሐንስ ሰውን የሚፈትነው በእነዚህ ነው፤ እንባና ዕልልታ ውስጡ የለም። 3፥9 ላይ ስትደርሺ ትደነግጫለሽ፤ ከእግዚአብሔር የተወለደ ኃጢአትን አያደርግም ይላል። እዚያ አትቁሚ፤ 1፥8-10 ላይ ኃጢአት የለብንም የሚል ራሱን እንደሚያስት፣ የሚናዘዝ ደግሞ ይቅር እንደሚባል ተጽፏል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ የሚነገረው ስለ ሕይወት አቅጣጫ ነው። 5፥13 ላይ ደግሞ የጻፈበትን ምክንያት ይነግርሻል፤ የሚያምኑት የዘላለም ሕይወት እንዳላቸው ያውቁ ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ሲጠይቁሽ ያለውን እንዳለ ንገሪያቸው፦ «በክርስቶስ ታምኛለሁ፤ ከእርሱ ሌላ የምደገፍበት የለኝም። እርግጠኝነቴ ግን ደካማ ነው፤ ስሜቴም ይዋዥቃል።» ይህ ውሸትም ክህደትም የለበትም። በማርቆስ 9፥24 ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኾ ልጁ ተፈወሰለት። እ.ኤ.አ. በ1646 የተዘጋጀው የፕሮቴስታንቶች የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም በ18ኛው ምዕራፉ እውነተኛ አማኝ ሙሉ እርግጠኝነት ላይ ከመድረሱ በፊት ረጅም ጊዜ ሊጠብቅና ብዙ ሊታገል እንደሚችል ይናገራል። ይህን መልስ ሰምቶ የሚቆጣ ሽማግሌ ካለ ችግሩ የእርሱ ነው።

ስለ ትዕቢቱ እናትሽ የምትለው ባዶ አይደለም። «ድኛለሁ» ማለት «ከሌላው እሻላለሁ» ማለት ከሆነ በሉቃስ 18 የተነገረለት ፈሪሳዊ ጸሎት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ መዳን ሲናገር ያለፈውንም (ኤፌሶን 2፥8)፣ አሁን ያለውንም (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18)፣ የሚመጣውንም (ሮሜ 5፥9) ይናገራል። እናትሽ የሚመጣውን አጥብቃ ይዛለች፤ አንቺ የተማርሽው ያለፈውን ነው። «እማዬ፣ ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ተስፋዬ ግን በእኔ ጽድቅ ላይ አይደለም» ብትያት ከምታስቢው በላይ ትግባባላችሁ። የዳነ ሰው መልሶ ሊጠፋ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው በካልቪን ተከታዮችና በሆላንዳዊው የሥነ መለኮት መምህር በአርሚንየስ ተከታዮች መካከል ዘመናት ያስቆጠረ ክርክር ስለሆነ ከእናትሽ ጋር አትጀምሪው።

ጥምቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። አብዛኞቹ ወንጌላውያን ጥምቀት የጌታ ትእዛዝና የእምነት ምስክርነት ነው እንጂ በራሱ አያድንም ይላሉ። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ሳይጠመቅ ነው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለው። እንግዲህ ከተማርሽው ትምህርት ተነሥተሽ ብታስቢው፣ ሦስት ሳምንት የነፍስሽ ቀጠሮ ሊሆን አይችልም። የኅብረት ጥምቀት ዘንድሮ ካመለጠ በሚቀጥለው ዙር አለ።

የእናትሽ ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በ80 ቀን የተደረገው ምን ሊባል ነው? ወንጌላውያን እዚህ ላይ አንድ አይደሉም። ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ ራሱ አምኖ የመሰከረን ሰው በውኃ ውስጥ በማጥለቅ ያጠምቃሉ፤ የሕፃንነቱን ጥምቀት ስለማይቆጥሩት አሁን የሚያደርጉትን ሁለተኛ ጥምቀት አይሉትም። በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ ግን የሉተርን ትምህርት ስለምትከተል ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀን ሰው እንደገና ማጥመቅም ከትምህርቷ ጋር አይሄድም። ይህን የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሳታውቂ መወሰን ግን አልነበረብሽም።

ስለዚህ ከፊትሽ ያለው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በተቀጠረው ቀን መጠመቅ ትችያለሽ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው የአገራችን ጃንደረባ በመንገድ ላይ ውኃ አይቶ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ያኔውኑ ተጠምቋል፤ ቶሎ መጠመቅ ስሕተት አይደለም። ሆኖም እርሱ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ እንጂ ተደብቆ አልሄደም። ሁለተኛው ያንቺን የቀድሞ ጥምቀት የምትቀበል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ነው፤ ይህን የምታደርጊው ግን ትምህርቱን መርምረሽ ካመንሽበት እንጂ ከለቅሶ ለመሸሽ መሆን የለበትም። ሦስተኛው እስከሚቀጥለው ዙር ማቆየት ነው፤ እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ማቆየት ስል ጊዜው የተወሰነ ይሁን። እናትሽ ያለችው «ከቀበርሽኝ በኋላ» ገደብ የሌለው ቀጠሮ ነው፤ እሺ ብትይ የእርሷን ሞት የምትጠብቂ ልጅ ትሆኛለሽ፣ ያ ደግሞ ለሁለታችሁም ከባድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ተደብቆ መጠመቅ ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ጠዋት ብትጠመቂ ለምሳ ሰዓት ወሬው እናትሽ ጆሮ ይደርሳል። (መቼም ሐይቁ ውስጥ ከሆነ፣ ደንገልና ሣር ካለበት የረጋ ውኃ ራቅ እንዲሉ ንገሪያቸው። ጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ፤ ትሉን የሚሸከመው ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል። ገንዳ ካላቸው ትምህርቱ ምንም አይጎድልበትም።)

ከመወሰንሽ በፊት ሽማግሌዎቹን አንቺም ጠይቂያቸው። ቀኑን ባቆየው ምን ትላላችሁ? የምታጠምቁት በማቴዎስ 28፥19 እንደታዘዘው በሥላሴ ስም ነው? የሕፃንነት ጥምቀትን ለምን አትቆጥሩትም? ከተጠመቅሁ በኋላ ቤት ውስጥ ችግር ቢመጣ ማን ነው አጠገቤ የሚቆመው? የመጨረሻውን አትርሺ። አስጠምቆ ዞር የሚል ጉባኤ እንዳለ ሁሉ የሚያስጠጋም አለ፤ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ማቴዎስ 10፥37ን ጠቅሰው፣ ከእኔ ይልቅ እናቱን የሚወድ ለእኔ አይገባም ብለው ቢያጣድፉሽ፣ ማርቆስ 7፥9-13 ላይ ያው ጌታ በሃይማኖት አመካኝተው ወላጆቻቸውን የተዉ ሰዎችን እንደገሠጸ አስታውሻቸው።

የምትመሰክሪበትንም በደንብ እወቂ። አባትሽና እናትሽ ያስተማሩሽ ሥላሴ፣ የክርስቶስ ከድንግል መወለድ፣ ሞቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ አንቺም ጋ አሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ወንጌላውያን የመጨረሻ ሥልጣን ለመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይሰጣሉ፣ 66ቱን መጻሕፍት ይቀበላሉ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትና የአበው ትውፊት አላት። ወንጌላውያን የቅዱሳንን አማላጅነት አይጠይቁም፤ ከሰባቱ ምሥጢራትም ጥምቀትንና የጌታን እራት ብቻ ይይዛሉ። በእነዚህ ልብሽ ካልረጋ፣ ለማቆየት ይህም በቂ ምክንያት ነው።

እናትሽን የምታነጋግሪው ብቻዋን ስትሆን ነው፤ ዘመድ በተሰበሰበበት ወይም ከቅዳሴ በደከመ ጉልበት በተመለሰችበት ሰዓት አይሁን። ይቅርታ በመጠየቅ ጀምሪ፤ ይቅርታው ስለ መደበቅሽ ነው እንጂ ስለ ማመንሽ አይደለም። ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖትን አብራችሁ ድገሙ። በ325 በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቁስጥንጥንያ የተሟላው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ይህ መግለጫ የእርሷም የወንጌላውያኑም ነው። «አንዲት ጥምቀት» የሚለው ላይ ስትደርሱ ቆም ብላ ታይሻለች። አትከራከሪ፤ «እኔም እርሱን እያሰብሁ ነው ያቆየሁት» በያት። ስለ አማላጅነትና ስለ ሥዕል በመጀመሪያው ቀን አታንሺ። የንስሐ አባታችሁ ሊያነጋግሩሽ ቢመጡ ጉልበት ስመሽ ተቀበያቸው፣ እናትሽ ባለችበት አድምጫቸው።

ማተብሽን በዚህ ሰሞን ፈትተሽ ከሆነ አላውቅም፤ ካልፈታሽ ግን አትቸኩይ። ማተብ አውልቂ የሚል አንቀጽ በየትኛውም ዋና የወንጌላውያን የእምነት መግለጫ ውስጥ አይገኝም፤ እናትሽ ግን ባዶ አንገትሽን ስታይ የምታነበው ክህደት ነው። በጾምም ወቅት ቤት የተሠራውን የጾም ወጥ ብዪ። ሮሜ 14 ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የተጻፈ ነው።

አሁን አባትሽ። ያ ወንድም የተናገረው ካልተሰጠው ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ወንጌላዊ ትምህርት የሚያድነው ክርስቶስ ብቻ ነው ይላል፤ ይህን አላለዝበውም። ይህ ማለት ግን የቤተ ክርስቲያን ስም አያድንም ማለት ነው፤ ስም የማያድን ከሆነ ስም ብቻውን አይኮንንምም። አባትሽ በየጸሎቱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል ኖሯል። ይህ በሉቃስ 18፥13 ያለው ቀራጭ ደረቱን እየደቃ የጸለየው ጸሎት ነው፤ ያም ሰው ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባትሽ ያንን ሲል በማን ታምኖ እንደነበር አንቺም እኔም ልቡን አላየንም። «ጌታ ለእርሱ የሆኑትን ያውቃል» ይላል 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥19። «ገነት ነው» ብዬ ፈርሜ ልሰጥሽ አልችልም፤ «ጠፍቷል» የሚልሽን ደግሞ አትስሚ። ያስጨነቀሽን ለዚያ ወንድም ራሱ ንገሪው፤ ምን ያህል እንዳቆሰለሽ ላያውቅ ይችላል።

ተዝካሩን አግዢ። ወንጌላውያን ሰው ከሞተ በኋላ በሚደረግ ጸሎት ፍርዱ ይለወጣል ብለው አያምኑም፤ ዕብራውያን 9፥27ን ይጠቅሳሉ። ስለዚህ በፍትሐቱ ላይ መቆም ለሕሊናሽ ከከበደሽ ወደ ጓዳ ግቢ፤ እዚያ ሥራ ሞልቷል። ድሀ ማብላትና የመበለት እናትን ሸክም ማቅለል ግን በየትኛውም ትምህርት የተመሰገነ ነው። ጠላ መጥመቁ የሚያስቸግርሽ ከሆነ እርሱን ለዘመድ ተዪና እንጀራውንና ወጡን ያዢ። ከደመወዝሽ የምታዋጪ እንደሆነ ለጤፉና ለሽሮው ይሁን፤ የምታደርጊውም ለአባትሽ ካለሽ ፍቅርና ለሚበሉት ሰዎች ስትዪ እንደሆነ ለእናትሽ ንገሪያት። ይህን ግን ከአሁኑ ተነጋገሩበት። በዋዜማው፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ድስት ተጥዶ ሳለ የሚነሣ ነገር አይደለም።